አልበሙ ስም ሳያጣ፦ የቤተሰብ ፎቶና ካሴት አሰባሰብ፣ ደረጃ በደረጃ

የቤተሰቡን ፎቶ ለማዳን የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ስካነር ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፣ ተራው ግን ገና ነው። በ1962 ዓ.ም. የተነሳ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ገና ብዙ ዓመት ይቆያል። ከዳር ቆማ የምትስቀው ልጅ ማን እንደሆነች የሚያውቁት አክስት ግን ያን ያህል አይጠብቁም። ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ቅጂ፣ ከዚያ ማስቀመጫ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የድሮ አልበም የዘለለው የዘወትር ኑሮ ዛሬ እንዴት እንደሚነሳ አለ።

የሚያስፈልገው እቃ ጥቂት ነው፤ ደህና ካሜራ ያለውና ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ ለስላሳ እርሳስ (4ቢ ወይም 6ቢ)፣ ምንም ያልነካው አዲስ የመኳኳያ ብሩሽ፣ የጥርስ ክር፣ ተራ ነጭ ፖስታዎችና አንድ ደብተር። ስካነር ካለ እሰየው።

1. መሰብሰብና ቁጥር መስጠት

ፎቶ አልበም ውስጥ ብቻ አይገኝም። የሳሎኑን ግድግዳ፣ የኮመዲኖውን መሳቢያ፣ የልብስ ሳጥኑን ሥር፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን ገጾች መካከል፣ የእናትን አሮጌ ቦርሳ፣ የድሮ መታወቂያና የትምህርት ቤት ካርድ ሁሉ እዩ። ጉርድ ፎቶ ብቻ የቀረለት ሰው በየቤቱ አለ።

የተገኘውን አታደበላልቁ። አልበም ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል ራሱ ማስረጃ ነው፤ አልበሙን የደረደረው ሰው ማንን ከማን አጠገብ እንዳስቀመጠ ይነግራል። እያንዳንዱን ገጽ እንዳለ በስልክ አንሱ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አንድ በአንድ አውጡ። የሚጣበቀው ዓይነት አልበም (ገጹ ሙጫ፣ ላዩ ፕላስቲክ የሆነው) ፎቶውን ከያዘው በጥፍር አትፈልቅቁ። የጥርስ ክር ከፎቶው ሥር አስገብታችሁ ልክ እንደ መጋዝ ወዲህና ወዲያ እያላችሁ ቀስ ብላችሁ ለዩት። ካልለቀቀ ገጹን ከነፎቶው ዙሪያውን ቁረጡት፤ ከተቀደደ ፊት ከጀርባው ሙጫ ያለበት ይሻላል።

ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡት፤ ለመጀመሪያው አልበም አ-001፣ አ-002፣ ለሁለተኛው በ-001 እያላችሁ። ጀርባው ወረቀት ከሆነ በእርሳስ፣ ጠርዝ ላይ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። ከ1970ዎቹ ወዲህ የታተመ የቀለም ፎቶ ጀርባው ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክነት ስላለው እርሳስ አይዝም። እስክሪብቶ እንዳታነሱ! ጫናው በፊት በኩል ይወጣል፣ ቀለሙም ከላይ ወደተደረበው ፎቶ ይተላለፋል። እንዲህ ያለውን በፖስታ አድርጉት፣ ቁጥሩን ደግሞ ፎቶው ከመግባቱ በፊት ፖስታው ላይ ጻፉ።

እዚህ ደረጃ ላይ በደህና ልብ የሚፈጸሙ ሦስት ጥፋቶች አሉ። አንደኛው ላሚኔት ማስደረግ ነው፤ ሙቀቱና ፕላስቲኩ ከፎቶው ጋር ተዋህደው ስለሚቀሩ መመለሻ የለውም። ሁለተኛው የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ ነው፤ ሙጫው በጥቂት ዓመት ውስጥ ቢጫ እድፍ ይሆናል። ቁርጥራጮቹን በአንድ ፖስታ ማኖር ይበቃል፣ መገጣጠሙ በቅጂው ላይ ይሠራል። ሦስተኛው በፍሬም መስታወት ላይ የተጣበቀን ፎቶ መላቀቅ ነው። የምስሉ ሽፋን ጄላቲን ስለሆነ እርጥበት ሲያገኘው ሙጫ ሆኖ መስታወቱን ይይዛል፤ ስትፈለቅቁት ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ተዉት።

2. ከታላላቆች ጋር መቀመጥ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ይደገማል፣ ይህ አይደገምም።

በአንድ ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ፎቶ፣ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ። ሙሉ አልበም ይዛችሁ ከሄዳችሁ መጀመሪያ ያሉት ላይ ረጅም ጨዋታ፣ መጨረሻ ያሉት ላይ «እንግዲህ እኔ ምን አውቄ» ታገኛላችሁ። ዓይናቸው ለደከመ ትንንሾቹን ፎቶዎች ቀድማችሁ በስልክ አንስታችሁ በትልቁ አሳትሙ፣ ወይም በታብሌት አሳዩ።

ቡና ካለ ጨዋታው ይደምቃል፣ ለድምፅ ግን ሙቀጫ ጠላት ነው። ቡናው ሲቆላና ሲወቀጥ ፎቶውን እያሳያችሁ ዝም ብላችሁ ተጫወቱ፤ መቅጃውን ጀበናው ከተጣደ በኋላ ክፈቱ። ፎቶዎቹን ግን ከረከቦቱ ራቅ አድርጉ፤ የዕጣኑ ጢስና የፈንድሻው ቅቤ ሁለቱም ያርፉበታል።

ስልኩን ሰዎች ይደብቁታል፤ አትደብቁት። «እማማ፣ ልጆቹ እንዲሰሙት ድምፅዎን ልቅዳ?» ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁና ፊት ለፊት አስቀምጡት። ከአፋቸው 30 ሳንቲሜትር ያህል፣ በታጠፈ ፎጣ ላይ ይሁን፤ ጠረጴዛው ላይ በቀጥታ ከሆነ ስኒ በተቀመጠ ቁጥር ጓ ይላል። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ከፍሪጅ ራቁ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ሲጀመር ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን ማን እንዳለ በድምፅ ተናገሩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መቅጃ ጣት አያይም። አክስት «ይሄኛው የወንድሜ ጓደኛ ነው፣ ይቺ ደግሞ እኔ» ሲሉ እናንተ ታያላችሁ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚሰማው ሰው ግን የትኛው «ይሄኛው» እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ እያንዳንዱን ፎቶ ስታነሱ ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ ጥሩ፤ «አ-014»። እሳቸው በጠቆሙ ቁጥር ደግሞ ቃሉን ሙሉለት፤ «ከግራ ሁለተኛው፣ ኮፍያ ያደረገው ማለትዎ ነው?» ይሏችኋል «አዎ፣ እሱ»። ግራ ማለት ሁልጊዜ ፎቶውን ለሚያየው ሰው ግራ ይሁን።

«ይህ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ስም ያመጣል፣ እዚያው ይቆማል። እንዲህ ያሉትን ጨምሩ፦

– ፎቶውን ያነሳው ማን ነው? ለምን ያን ቀን?
– ፎቶው ውስጥ ሳይገባ ከጎን ቆሞ የነበረ ሰው አለ?
– ይህን ቀሚስ ማን ሰፋው? የራስዎ ነበር ወይስ የተዋሱት?
– ከዚህ ወጥታችሁ የት ሄዳችሁ?
– ያኔ ምን ይቸግራችሁ ነበር?

የመጨረሻዋን አትዝለሏት። ትዝታ ከተለቀቀ «ድሮ እኮ» እያለ ሁሉንም ያጣፍጣል። ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ሠርጉ በስንት ብር ብድር እንደተደገሰ ካልተጠየቀ ልጆቹ የሚወርሱት የተቀባ ሥዕል ይሆናል።

ስም ስትመዘግቡ የአባትና የአያት ስም፣ የቤት ስም፣ የክርስትና ስም ለዩ። አንዲት ሴት ትምህርት ቤት ወላጆቿ ባወጡላት፣ ባሏ ቤት አማቷ ባወጣችላት፣ ቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሟ ልትታወቅ ትችላለች፤ ሦስት ሰው መስላችሁ እንዳትመዘግቧት። «እቴቴ»፣ «ጋሽዬ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «አጎታችሁ ነው» ሲባልም «በእናት ነው በአባት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አጎት የሚባል ጎረቤት ብዙ ነው።

«አላስታውስም» ካሉ አትጎትጉቱ። ቅጂውን ትታችሁላቸው ሂዱ፣ ማታ ወይም በሳምንቱ ይመጣላቸዋል። ሁለት እህትማማቾች ካልተስማሙ ሁለቱንም ቃል ከነተናጋሪው ጻፉ፣ ዳኛ አትሁኑ። ፊቱ በመቀስ የተቆረጠ ወይም በእስክሪብቶ የተሰረዘ ሰው ካጋጠማችሁም ሳትጣደፉ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ፎቶና ወረቀት ያቃጠለ፣ የቀበረ ቤተሰብ ስንት ነው። «ይህ ይቅር» ከተባለ እሳቸው እያዩ መቅጃውን ዝጉትና ወደሚቀጥለው እለፉ።

አልበሙ ጎንደር፣ እናንተ ቨርጂኒያ ወይም ሃይፋ ከሆናችሁ እዚያ ያለ አንድ የቤት ሰው ፎቶዎቹን ቁጥር ሰጥቶ ቀድሞ ይላክላችሁ። በቪዲዮ ስትደውሉ ሁለታችሁም ያው ቁጥር ፊታችሁ ይኑር፤ ቀረጻው ደግሞ በእናንተ ስልክ ሳይሆን ከእሳቸው አጠገብ በተቀመጠ ሌላ ስልክ ይሁን። ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሚጠፋው ሁልጊዜ ስሙ ነው።

3. ዓመቱን ማውጣት

ጀርባው ላይ ቀን ከሌለ ፎቶው ውስጥ ፈልጉ። ግድግዳው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ተሰቅሎ ከታየ ፎቶው በአብዛኛው ከመስከረም 1967 ዓ.ም. በፊት ነው። የፎቶ ቤቱ ማኅተም ከተማውን ይናገራል፤ ባለ 6 አሃዝ ስልክ ቁጥር ካለበት ደግሞ አዲሱ ቁጥር ሥራ ላይ ከዋለበት ከ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በፊት የተሠራ ማኅተም ነው። ሴቶቹ ጥቁር ከለበሱ ያን ዓመት ቤቱ ውስጥ ማን እንደሞተ ጠይቁ። ከሁሉ የሚበጀው ግን ልጆችን ማየት ነው፤ የትውልድ ዓመቱ የሚታወቅ አንድ ልጅ ካለ ዕድሜውን ገምቱ። የፊት ጥርሱ ከወለቀ ስድስት ወይም ሰባት ዓመቱ ነው፣ የፎቶው ዓመት ተገኘ ማለት ነው።

ጥግ ላይ በብርቱካናማ ቀለም የታተመ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ባትሪው ያለቀ ካሜራ ያልሆነ ዓመት ስለሚያትም ብቻውን አይታመን። ከእኛ ወደ ፈረንጅ ለመቀየር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን 8 ደምሩ (ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል፣ 8 መደመሩ ከታኅሣሥ 22 ይጀምራል)። ውጭ አገር የኖረ ሰው ጀርባው ላይ «65» ብሎ ከጻፈ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳታጣሩ አትመዝግቡ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «1968 ገደማ» ማለት አያሳፍርም።

4. ቅጂ ማንሳት

በስካነር ከሆነ ለተራ ፎቶ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት)፣ ለጉርድ ፎቶ 1200፣ ለኔጋቲቭ ደግሞ ክዳኑ መብራት ያለው ስካነር ሆኖ ከ2400 እስከ 3200 ይበቃል። ጥቁርና ነጩንም በቀለም ስካን አድርጉ፤ ቡናማነቱ፣ የማኅተሙ ሰማያዊ፣ እድፉ ሁሉ መረጃ ነው። በራሱ «የሚያሳምረውን» ምርጫ አጥፉ። ጽሑፍ ካለው ጀርባውንም ስካን አድርጉ። አቧራውን በብሩሽ ብቻ አንሱ፤ ውኃ፣ አልኮል፣ የመነጽር መጥረጊያ አያስፈልግም።

በስልክ ከሆነ ፀሐይ በቀጥታ በማትገባበት መስኮት አጠገብ፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ የቤቱን መብራት አጥፍታችሁ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ከመስኮቱ ተቃራኒ ነጭ ወረቀት አቁሙ፣ ጥላውን ያነሳዋል። ስልኩን ሁለት እኩል የመጽሐፍ ክምር ላይ አጋድሙት፤ በእጅ ከሆነ አራት ማዕዘኑ ሁልጊዜ ይንጋደዳል። ፍላሽ የለም። ካሜራውን በጣም ከማስጠጋት ትንሽ አርቃችሁ በ2 እጥፍ ዙም አድርጉ፣ ቅርበት ጠርዙን ያጎብጠዋል። ማንሻውን ስትነኩ እንዳይነቃነቅ 3 ሰከንድ ቆጣሪ ሙሉ። ከነመስታወቱ የቀረውን ለማንሳት በጥቁር ጨርቅ ላይ ለሌንሱ የሚበቃ ቀዳዳ አውጥታችሁ በስልኩና በመስታወቱ መካከል ጋርዱ፤ ነጸብራቁ ይጠፋል።

ወደ ቀይ ያደላ የቀለም ፎቶ የታመመው ቀለሙ እኩል ስላልጠፋ ነው፤ ሰማያዊ አረንጓዴው ክፍል ቀድሞ ይሄዳል። በኮምፒውተር ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ያልተነካውን ቅጂ ለብቻ አስቀምጡ። ፊትን «የሚያጠሩ» አዳዲስ መተግበሪያዎች ነገር ሌላ ነው። ያልነበረ ዓይን፣ ያልነበረ ጥርስ ፈጥረው ያስገባሉ። አያትን በማታውቁት ሰው ፊት መተካት ስለሆነ አልበም ውስጥ ባይገባ ይመረጣል።

5. ካሴት

ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን ውጭ አገር ላለ ልጅ የሚላከው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ካሴት ነበር። ስለዚህ «ዘፈን» ተብሎ የተጻፈበትን ሁሉ እስከ መጨረሻው ስሙ፤ ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ እናት «እንዴት ከረምክ» ስትል ልታገኟት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ፣ ቴፕ ውስጥ ሳታስገቡ፣ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች ስበሩ። አንድ የተሳሳተ ቁልፍ ተጭናችሁ ያን ድምፅ በራሳችሁ ዝምታ እንዳትቀዱበት ነው። ቀጥሎ በመስኮቱ እዩ፤ ነጭ ሻጋታ ከታየበት ሌሎቹን ስለሚበክል ለይታችሁ አስቀምጡት። የቴፑን ራስ (ክሩን የሚያነበውን ብረት) እና ክሩን የሚጎትተውን ክብ ላስቲክ ቢያንስ 90 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በነከራችሁት ጥጥ አጽዱና አምስት ደቂቃ አድርቁ። ቴፕ ክር የሚበላው ብዙ ጊዜ ላስቲኩ ስለቆሸሸ ነው። ከበላም አትጎትቱ፤ አጥፍታችሁ ክዳኑን ክፈቱና ክሩን ቀስ ብላችሁ አላቅቃችሁ በእስክሪብቶ አጠንጥኑት። የተበጠሰ ክር በተራ ፕላስተር አይቀጠልም፣ ሙጫው ተላልፎ የቴፑን ራስ ያቆሽሻል፤ ለዚሁ የተሠራ መቀጠያ አለ።

ወደ ኮምፒውተር ከመቅዳታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እስከ ጫፍ አስኪዱና መልሱ፣ ለዓመታት የተጣበቀው ክር ይላቀቃል። ባለ 120 ደቂቃው ክሩ በጣም ስስ ስለሆነ እሱን አታመላልሱት፣ በቀጥታ ቅዱት። ከኢርፎን ቀዳዳው ወደ ኮምፒውተሩ ማስገቢያ ኬብል አገናኙ፣ ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። የቅጂው ልክ 44,100 ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ዋቭ (ያልተጨመቀ ድምፅ) ፋይል ይሁን። በስቴሪዮ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ስለሚሄድ ባለ 90 ደቂቃ ካሴት አንድ ጊጋባይት ሊጠጋ ነው፤ ቦታ አዘጋጁ። ጠቋሚው ቀይ እንዳይነካ ድምፁን ከላይ 6 ዴሲቤል ያህል ክፍት ተዉለት።

ድምፁ የታፈነ ከሆነ ካሴቱን ከመውቀስ በፊት ከቴፑ ራስ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን እያዳመጣችሁ በጥቂቱ አዙሩ። «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው የሚሰሙበት ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ አቁሙ። ዶሮው፣ የሚያለቅሰው ሕፃን፣ ደጅ የሚጣራው ሻጭ በድምፅ ማጽጃ እንዳይጠፋ፤ የጸዳ ቅጂ ከፈለጋችሁ ሁለተኛ ሥሩ።

6. ስምና ማስቀመጫ

የፋይል ስም በዓመት ይጀምር፣ ራሱ ይደረደራል፦ 1968ገደማ_ሐረር_ሠርግ_አ014። ስሞቹን ከግራ ወደ ቀኝ በተርታ በጽሑፍ ፋይል ጻፉና እዚያው ፎልደር ውስጥ ክተቱ።

ሦስት ቦታ ይኑር፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሀርድ ዲስክ በሌላ ዘመድ ቤት፣ አንድ ኢንተርኔት ላይ። በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ፤ በፎቶ መልክ ከሄደ ይጨመቅና ጥራቱን ያጣል። በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ዲስኩን ክፈቱ፣ ከየፎልደሩ አንድ ፎቶና አንድ ድምፅ ሞክሩ። ያልተከፈተ ካለ ያንኑ ቀን ከሌላው ቅጂ ተኩት።

ዋናዎቹ ፎቶዎች በወረቀት ፖስታ ሆነው በመኝታ ቤት ቁም ሣጥን፣ ከወለል ከፍ ብለው ይቀመጡ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን ያቃጥላል ሌሊት ያቀዘቅዛል፤ በክረምት የሚያልበው የውጭ ግድግዳም አይሆንም። ሽታ ያለው ፕላስቲክ ኪስ ጣሉ።

7. አልበሙ የዘለለውን ማንሳት

የድሮ አልበም ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምረቃና ፎቶ ቤት ነው። ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሁሉም የክት ለብሷል። የሊጥ ቡሃቃው፣ የሬዲዮኑ ቦታ፣ በረንዳው ላይ የተሰጣው በርበሬ የለም። ዘንድሮ ስልካችን በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ይዞም ያው ነው፤ ራሳችንንና ድግሳችንን ነው የምናነሳው።

በወር አንድ ቀን ምረጡ፣ አሥር ፎቶ ብቻ። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ዝቅ ብሎ በጎን ስለሚገባ ተራ እቃ ያምርበታል። አንድ ሰው ሥራ ላይ እያለ (እጁ ብቻ ቢሆንም)፣ አንድ በር፣ አንድ ያረጀ እቃ፣ ከመስኮት የሚታየውን፣ ጠረጴዛውን ከቁርስ በኋላ ሳይነሳ። «ቆይ ላስተካክል» ለሚሉ እናት «እንዳለ ይሁን» በሉ፤ የተስተካከለው ቤት ድሮም ተነስቷል። መስኮቱን ከጀርባችሁ ሳይሆን ከጎናችሁ አድርጉት፣ የጀበናው ጠባሳና የእጅ መጨማደድ የሚታየው ያኔ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አሥሩን ለመሙላት ትቸገራላችሁ። በሦስተኛው ከአሥር በላይ ታዩና መምረጥ ያስቸግራል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩን አትጨምሩ፣ ምርጫው ነው ዓይንን የሚያሠለጥነው።

ከአሥሩ ሦስቱን በ10 በ15 ሳንቲሜትር አሳትሙ። ለእያንዳንዱ ሦስት መስመር በቂ ነው፤ ምን እንደሆነና የማን እንደሆነ፣ በዚያ ሰዓት ምን ድምፅ ወይም ሽታ እንደነበረ፣ እና አንድ ዋጋ። የአንድ ኪሎ ቡና፣ የታክሲ፣ የአንድ እንጀራ ዋጋ። ጽሑፉን በነጭ ወረቀት በእርሳስ ጽፋችሁ ከፎቶው ጋር በአንድ ፖስታ ክተቱት፣ ፖስታው ላይ ደግሞ ቀኑን፣ ዓመተ ምሕረቱን ሳትረሱ።